ከደረጃው ሥር የነበሩት ሲሊንደሮች

ሐዋሳ መናኸሪያ አካባቢ ብየዳ ቤት አለኝ። ኦክስጂንና አሲቲሊን የተባለው ለብየዳ የሚነድ ጋዝ ጠዋት ማታ የምነካቸው ዕቃዎች ናቸው። እናቴ የሳንባ ምች ይዟት አራት ሌሊት የተኛችበትን የግል ሆስፒታል የምመዝነውም በዚሁ ዓይን ነው። ስለ መድኃኒቱ ሐኪም ይናገር፤ ስለ ሲሊንደሩ ግን እኔም የምለው አለኝ። የሆስፒታሉን ስም አልጽፍም፤ ያየሁትን ጉድለት ለባለቤቱ ፊት ለፊት ነግሬያቸው ከፊሉን አስተካክለዋል፣ የቀረውንም ጀምረዋል።

በመልካሙ ልጀምር፤ ብዙ ነውና።

ታኅሣሥ ገብርኤል ነበር። እማዬ እንደ ልማዷ ዋዜማውን ቤተ ክርስቲያን አድራ መጣች። በዓሉ ካለፈ በሦስተኛው ቀን ሳሉ ጠናባት፣ ትንፋሿም አጠረ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ በባጃጅ ይዣት ስደርስ ጥበቃው ካርድ አውጡ፣ ቆዩ ሳይል በሩን ከፍቶ አብሮኝ ተሸከማት። ጣቷ ላይ የሰኩት የደም ኦክስጂን መለኪያ 82 በመቶ አነበበ። «ከ90 በታች ከሆነ ኦክስጂን እንሰጣለን» አለችኝ ተረኛዋ ሲስተር፤ ይህን ስትነግረኝ እጇ ሥራ ላይ ነበር። ማስያዣ የተጠየቅኩት ቱቦው አፍንጫዋ ላይ ገብቶ፣ የእማዬ ከንፈር ወደ መልኩ መመለስ ከጀመረ በኋላ ነው። ይህን ውለታ አልረሳም።

ሲስተሯ ሲሊንደሩን ስትከፍት ቆሜ አየሁ። እጇን በሳኒታይዘር አሸችና እስኪደርቅ ጠበቀች። አልኮሉ ሳይተን ኦክስጂን መንካት ትክክል እንዳልሆነ ታውቃለች። ቫልቩን ቀስ ብላ ትንሽ ከፈተች፣ ጌጁ፣ ማለትም የግፊት መለኪያው፣ እስኪረጋ ቆም አለች፣ ከዚያ ቀሪውን ከፈተች። ብዙ ሰው ይህን አያደርግም። በ150 ባር ግፊት የታመቀ ጋዝ በአንድ ጊዜ ግፊቱን ወደሚቀንሰው ዕቃ፣ ወደ ሬጉሌተሩ፣ ሲገባ ውስጥ ያለውን አየር ይጨምቀዋል፤ የተጨመቀው አየር በቅጽበት ይግላል፤ እዚያ ቆሻሻ ወይም ቅባት ካገኘ ሬጉሌተሩ ራሱ ይቀጣጠላል። ብየዳ ቤት ያሉትን ልጆች ይህን ለማስለመድ ስንት ጊዜ ተቆጥቻለሁ! እሷ በእንቅልፍ ሰዓት፣ ትንፋሽ ያጠራት ሰው አጠገብ ቆማ፣ አልረሳችውም።

እማዬ ደግሞ ለበዓሉ ቅቤ ተቀብታ ነበር። ሲስተሯ ግንባሯንና ጆሮ ግንዷን በጨርቅ ጠረገችላት። ሲነጋ ለብ ባለ ውሃ አመጣችና «እማማ፣ ቅር አይበልዎት፣ ይሄን ቅቤ ላጥብልዎት፤ ኦክስጂን ባለበት ቅባት አንፈልግም» አለቻት። እማዬ ፀጉሯን ሌላ ሰው ሲነካው አትወድም፤ ለእሷ ግን አንገቷን ዘንበል አደረገችላት። እኔም ከንፈሯ ሲደርቅ ቫዝሊን ላወጣ ስል ተከልክዬ በውሃ የራሰ ጎዝ ተሰጠኝ።

አልጋው ራስጌ ላይ የተለጠፈች ወረቀትም ነበረች። 40 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር ጌጁ 150 ባር ሲል ወደ 6000 ሊትር ጋዝ አለው። እማዬ በደቂቃ 3 ሊትር ስለምትወስድ 33 ሰዓት ያህል ያቆያታል። ሲስተሮቹ ፈረቃ ሲቀያየሩ ጌጁን አንብበው የቀረውን ሰዓት ወረቀቷ ላይ ይጽፋሉ። ስንት እንደቀራት ጠይቄ መልስ ያጣሁበት ጊዜ የለም። በሁለተኛው ቀን ከአየር ኦክስጂን በሚለይ ማሽን ላይ አደረጓት፤ ሌሊት መብራት ሲጠፋ ሲስተሯ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ሳትጠብቅ ወደ ሲሊንደሩ መለሰቻት።

አክስቴ ልትጠይቅ ስትመጣ ጠበልና ጧፍ ይዛ ነበር። ክብሪቱን ስታወጣ ሌላዋ ሲስተር ደርሳ እጇን ያዘቻት። «እትዬ፣ ጸሎቱን እዚሁ ያድርሱ። ጧፉን ግን ከበረንዳው ማዶ ግቢው ውስጥ እናብራው፤ እኔ እይዝልዎታለሁ» አለቻት፤ እውነትም ወርዳ ያዘችላት። በሩ ላይ ያለው ማስታወቂያ ግን በእንግሊዝኛ የተጻፈ የማጨስ ክልከላ ብቻ ነው። እኛ ጋ በሽተኛ ጠያቂ ሲጋራ ይዞ የሚገባው ስንት ነው? የሚገባው ጧፍ ነው፣ ዕጣን ነው፣ ለአራስ ቡና ሊያፈሉ ከሰል ይዘው የሚመጡም አሉ። ማስታወቂያው እነዚህን በስማቸው ጠርቶ፣ በአማርኛና በሲዳምኛ መጻፍ አለበት።

የሌላውን ባጭሩ ልበል። ክፍሎቹ ንጹሕ ናቸው፣ ውሃ አልጠፋም፣ ምግብ ከቤት ይመጣል። ኦክስጂን የሚያስከፍሉት በሰዓት ነው፤ ሒሳቡ ላይ ሦስት ሰዓት በዝቶ ስላገኘሁት ከወረቀቷ ጋር አመሳክረው ወዲያው ቀነሱልኝ።

አሁን ወደ ደረጃው።

በሦስተኛው ቀን ሲሊንደር ሊቀየር ሆነና ልጁን ላግዘው አብሬው ወረድኩ። ሕንፃው ቀድሞ ፔንሲዮን ነበር፤ ጠባብ ኮሪደር፣ ጠባብ ደረጃ፣ አሳንሰር የለም። አስተኝተው የሚያክሙት ፎቁ ላይ ነው። ከ50 ኪሎ በላይ የሚመዝነውን ብረት እየተሸከሙ በደረጃው ያወጡታል። ልጁ ከደረጃው ሥር ያለችውን ትንሽ በር ከፈተ። ውስጡን ሳየው ላብ አጠመቀኝ።

አሥራ አንድ ሲሊንደሮች ቆጠርኩ። ሰባቱ ሙሉ፣ አራቱ ባዶ፣ ተደባልቀው ቆመዋል። የታሰረ አንድም የለም። ሦስቱ የቫልቭ ቆብ የላቸውም። አንዱ ወድቆ ቫልቩ ቢሰበር ውስጡ ያለው ግፊት ያን ሁሉ ብረት እንደ ሮኬት ያስወነጭፈዋል፤ የብሎኬት ግድግዳ የሚያቆመው ነገር አይደለም። አጠገባቸው የጓንት ካርቶን እስከ ጣሪያው ተደርድሯል። የስፖንጅ ፍራሾች ተጠቅልለው ቆመዋል። ከፍራሾቹ ኋላ የጄኔሬተሩ ናፍጣ በሁለት ጀሪካን ተቀምጧል። መስኮት ወይም አየር ማስወጫ የለም። ማብሪያ ማጥፊያው ቁመቱ ከጉልበቴ አይበልጥም፣ ሽፋኑም ተሰብሯል። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ እማዬና ሌሎቹ በሽተኞች የሚወርዱበት ብቸኛው ደረጃ አለ።

ኦክስጂን ራሱ አይነድም፤ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የምንተነፍሰው አየር ውስጥ 21 በመቶው ኦክስጂን ነው። ጥቂት ከፍ ብሎ 24 በመቶ ሲደርስ እንኳ ጨርቅ፣ ፀጉርና ስፖንጅ ከወትሮው በቀላሉ ይያያዛሉ፤ ሲነዱም በፍጥነትና በኃይል ነው። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፤ ቫልቭ ቢያፈስ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ዝም ብሎ ይጠራቀማል፣ ልብስ ውስጥም ይገባል። ኦክስጂን በበዛበት ቦታ የቆየ ሰው ወጥቶ ልብሱን ሩብ ሰዓት ያህል አየር ሳያስመታ እሳት አጠገብ መድረስ የለበትም። እዚያች በር ውስጥ የቀረው አንድ ብልጭታ ብቻ ነበር፤ እሱም ከማብሪያው ሊመጣ ይችላል።

ያጋነንኩ የሚመስለው ካለ ባግዳድን ያስታውስ። ሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ኢብን አል ኸጢብ ሆስፒታል የኮቪድ ሕሙማን ክፍል ውስጥ ከኦክስጂን ሲሊንደሮች ጋር በተያያዘ በተነሳ እሳት ከ80 በላይ ሰው ሞቷል። ሕንፃው የእሳት መከላከያ ሥርዓት እንዳልነበረው የአገሪቱ ሲቪል መከላከያ በጊዜው ተናግሯል። ሦስት ወር ሳይሞላ እዚያው ኢራቅ፣ ናሲሪያ ላይ ሌላ የኮቪድ ክፍል ነደደ።

የምለው ከራሴ አፍልቄ አይደለም። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ከመመረቁ በፊት እዚያ በብየዳ ሠርቻለሁ። ሥራ ከመጀመራችን በፊት ያስተማሩን ነገር ኦክስጂን ከአሲቲሊንና ከነዳጅ ወደ 6 ሜትር መራቅ እንዳለበት፣ ካልተቻለም ቁመቱ 1.5 ሜትር የሆነ፣ እሳትን ለግማሽ ሰዓት የሚቋቋም ግድግዳ በመሐላቸው መቆም እንዳለበት ነው። ለሆስፒታል ደግሞ ብዙ አገር የሚከተለው ኤን ኤፍ ፒ ኤ 99 የተባለ የአሜሪካ ደንብ አለ። እሱ የሚያየው የጋዙን ብዛት ነው። ጭስ እንዳያልፍ በተከለለ አንድ የሕንፃ ክፍል ውስጥ እስከ 8.5 ሜትር ኩብ ድረስ ለአጠቃቀም እጅ ላይ ማቆየት ይቻላል። ከዚያ በላይ እስከ 85 ሜትር ኩብ ከሆነ በማይነድ ነገር የተሠራ፣ የሚቆለፍ ማከማቻ ይፈልጋል፤ ከሚነድ ነገርም ወደ 6 ሜትር መራቅ፣ ውሃ የሚረጭ የእሳት ማጥፊያ ጣሪያው ላይ ካለ ደግሞ 1.5 ሜትር መራቅ አለበት። ከ85 ካለፈ እሳትን ለአንድ ሰዓት የሚያግድ ክፍል ግድ ነው። ያየኋቸውን ሰባት ሙሉ ሲሊንደሮች በ6 ሜትር ኩብ (6000 ሊትር ማለት ነው) ስታባዛቸው 42 ሜትር ኩብ ይመጣል። ከሚነደው ነገር ያላቸው ርቀት ደግሞ አንድ ክንድ አይሞላም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የእኛም የሕንፃ አዋጅ፣ ቁጥር 624/2001፣ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃን ቁመቱ ከ12 ሜትር ከሚያልፈው ጋር አንድ ላይ ከሦስቱ ምድቦች ጥብቁ በሆነው ምድብ ሐ ውስጥ ያስገባው በከንቱ አልነበረም። ፔንሲዮን የነበረ ቤት አልጋው ሳይቀየር ሆስፒታል ሲሆን በውስጡ የሚያድረው ሰው ተቀይሯል። የፔንሲዮን እንግዳ እሳት ሲያይ ሮጦ ይወጣል። እማዬ ግን ያን ሌሊት ከአልጋዋ ቀና ማለትም አልቻለችም።

ባለቤቱ ራሳቸው ሐኪም ናቸው። ከሰዓት በኋላ ቢሯቸው ገብቼ «ዶክተር፣ አንድ ጊዜ ከእኔ ጋር ወደ ታች ይወርዱልኛል?» አልኳቸው። በሽተኛ ጠብቋቸው ነበር፤ ይቅርታ ጠይቀው ወረዱ። በሩን ከፍቼ ናፍጣውን አሳየኋቸው።

«ቦታ አጥተን ነው እኮ» አሉ።

«ገብቶኛል። ግን እሳት እዚህ ቢነሳ ላይ ያሉት በምን ይወርዳሉ?»

ቀና ብለው ደረጃውን አዩትና ዝም አሉ። ከዚያ ልጁን ጠርተው ጀሪካኖቹን እኔ እያለሁ አስወጡ። ፍራሹንና ካርቶኑን ደግሞ ማታውኑ አስነሱ። ሌላ ሰው ቢሆን «አንተ በያጅ አይደለህም እንዴ?» ብሎ ይመልሰኝ ነበር፤ እሳቸው ግን ሰሙኝ።

እዚያው ሳለሁ ሌላም ነገር አየሁ፤ ይህኛው ልቤን ነካው። ፎቁ ላይ ያሉት ስድስቱም መስኮቶች ፍርግርግ ብረት ተበይዶባቸዋል። የማይከፈት፣ ከግድግዳው ጋር የተጋጠመ። የሠራሁት እኔ አይደለሁም፤ ግን እንዲህ ያለ ፍርግርግ በዚህ ከተማ ስንቱ ቤት ላይ በእጄ በይጃለሁ። ሌባ እንዳይገባ ብቻ ነበር የማስበው። ከዚያ ቀን ወዲህ መኝታ ቤት መስኮት ላይ ማጠፊያና ቁልፍ ሳያስፈልገው ከውስጥ የሚከፈት መወርወሪያ ሳላደርግ ፍርግርግ አልሠራም፤ ደንበኛው አልፈልግም ቢል እንኳ አስረድቼ እሠራለታለሁ።

በየካቲት እማዬን ለምርመራ ስመልሳት ዞር ዞር ብዬ አየሁ። ሲሊንደሮቹ ከሕንፃው ኋላ፣ አጥሩ ጥግ ወዳለ የሽቦ ማከማቻ ወጥተዋል። ይህን ማከማቻ የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ተከፍሎኛልም፤ አንባቢ ይህን አውቆ ይመዝነኝ። ሁሉንም ብየዳ ሱቄ ውስጥ ጨርሼ እዚያ በብሎን ብቻ ገጠምኩት፤ ኦክስጂን አጠገብ ብልጭታ አላመጣም። ወለሉ ከፍ ያለ ኮንክሪት ነው፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ጎኑ አየር የሚያስወጣ መረብ። ሙሉው በቀኝ፣ ባዶው በግራ፣ እያንዳንዱ ከወገቡ በላይ በሰንሰለት ታስሯል። ናፍጣው በግቢው ሌላ ጫፍ ጄኔሬተሩ ጋ ሄዷል። የእሳት ማጥፊያዎቹ ተሞልተው መርፌያቸው አረንጓዴው ላይ ቆሟል። አክስቴን ያስቆመቻት ሲስተርም አዲሱን ማስታወቂያ አሳየችኝ፤ ጧፍና ዕጣን ተጽፎበታል፣ ከሲዳምኛው ሥር ሥዕል አለ።

ያልተስተካከለው ደረጃው ነው። አሁንም አንድ ነው። የጭስ ማስጠንቀቂያ ደወልም አልተገጠመም። ዶክተሩ ከጎን በኩል የብረት ደረጃ ለማሠራት ፕላን እያስወጡ እንደሆነ ነገሩኝ፤ ፕላኑን አሳይተውኛል፣ ሥራው ግን አልተጀመረም። እስኪጀመር ድረስ መንቀሳቀስ የማይችል በሽተኛ ፎቁ ላይ እንዳያስተኙ ለምኛቸዋለሁ፤ ምድር ቤት ካሉት የምርመራ ክፍሎች ሁለቱን ለዚህ ለቀዋል።

እማዬን ዳግም ቢያማት ወደዚያው እወስዳታለሁ፤ ምድር ቤት እንድትተኛም እጠይቃለሁ። ከስድስቱ መስኮቶች የሁለቱን ፍርግርግ ነቅዬ በማጠፊያ መልሼዋለሁ። ለዚህ የብረቱን ዋጋ ብቻ ነው የተቀበልኩት። የቀሩትን የአራቱን ልክ ወስጃለሁ፤ ቅዳሜ ጠዋት ይዣቸው እሄዳለሁ።