የስፖንጅ ሶፋ ወይስ የእንጨት መቀመጫ?

እህቴ አዘዞ ቤት ተከራይታ ሳሎኗን ስታደራጅ ሁለት ምርጫ ቀረበላት፦ ከውጭ የመጣ ያገለገለ የስፖንጅ ሶፋ፣ ወይም ጎንደር ውስጥ አናጺ የሚሠራው የእንጨት መቀመጫ ከጥጥ ፍራሽ ጋር።

ሶፋው ይመቻል። የሚያሳስበኝ ውስጡ ነው። በአሮጌ ስፖንጅ ውስጥ እሳት እንዳይዛመት የተጨመሩ፣ ብሮሚን የተባለ ንጥረ ነገር ያለባቸው ኬሚካሎች ሊኖሩ ይችላሉ። ከስፖንጁ ጋር በኬሚካዊ ትስስር ስላልተያያዙ ቀስ በቀስ እየለቀቁ ወደ ቤቱ አየርና አቧራ ይገባሉ፤ ስፖንጁ ሲፈረፈር ደግሞ ይብሳል። ወለል ላይ የሚድሁ ሕፃናት እጃቸውን ወደ አፋቸው ስለሚወስዱ ከአዋቂ ይበልጥ ይጋለጣሉ። ከነዚህ ኬሚካሎች ፔንታ የተባለው ዓይነት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2009 በስቶክሆልም ስምምነት (ሳይበሰብሱ ለረጅም ጊዜ የሚቆዩ መርዛማ ኬሚካሎችን የሚመለከት ዓለም አቀፍ ውል) እንዲወገድ ተወስኗል፤ ቀድሞ የተሠራው ሶፋ ግን ዛሬም ሳሎን ውስጥ ሊቀመጥ ይችላል።

እንጨቱ ይጎረብጣል። ጥጡም በቀላሉ እሳት ይይዛልና ከቡናው ከሰል መራቅ አለበት። ቢሆንም ሕፃን ላለበት ቤት ያለማመንታት የምመርጠው ይህን ነው።

ሶፋውን አስቀድሞ የገዛ ሰው የተቀደደውን ልባስ ያሰፋ፤ ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ ይወልውል፤ የልጆቹን እጅ ከምግብ በፊት ያስታጥብ፤ የጠዋቱ ብርድ ሲለቅም መስኮት ይክፈት።