«ከልዪው እንጂ አታፍኚው» ላሉኝ ባለሙያ

ሰላም ጎረቤቶቼ። የሱሉልታ፣ የጫንጮ፣ የለገጣፎ፣ የሰንዳፋ ሰዎች በተለይ ይህን አንብቡልኝ። ትንሽ ይረዝማል። ግን ውጭ የቆመ ማቀዝቀዣ ወይም ጣሪያ ላይ የተሰቀለ የሶላር ውሃ ማሞቂያ ያለው ሰው ሁሉ ይጠቀምበታል ብዬ አምናለሁ።

ላመሰግን የመጣሁት አንድ የማቀዝቀዣ ባለሙያን ነው። «ሥራዬን ንገሪ፣ ስሜን ተይው» ስላሉኝ ስማቸውን አልጽፍም። እኔ ጋሼ ነው የምላቸው። እዚህም ጋሼ እያልኩ ልቀጥል።

እኔ ወተት ሰብሳቢ ነኝ። ሱሉልታ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ አነስ ያለች ቤት አለችኝ። ጠዋትና ማታ ከሰፈሩ ገበሬዎች ወተት እቀበላለሁ። ጥቂቱን አረጋዋለሁ፣ የቀረው እንጦጦን ተሻግሮ አዲስ አበባ ይገባል። ወተት ከላሟ ሲወጣ ሙቀቱ 37 ዲግሪ ገደማ ነው። በሁለት ሦስት ሰዓት ውስጥ ወደ 4 ዲግሪ ካልወረደ ባክቴሪያው ይራባል፣ እሳት ሲነካው ይቆረጣል። ስለዚህ እንጀራዬ የተንጠለጠለው በአንድ የማቀዝቀዣ ታንክ ላይ ነው። ታንኩ ቤት ውስጥ ነው። ሙቀቱን የሚያስወጣው ክፍል ግን ከቤቱ ጀርባ፣ ውጭ ነው ያለው። ኮምፕረሰሩ (የማቀዝቀዣውን ጋዝ እየጨመቀ የሚያዞረው ሞተር)፣ ፋኑ፣ እና እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደረደሩ ስስ የአሉሚኒየም ቅጠሎች ያሉት ኮንደንሰር ማለቴ ነው።

ካቻምና ሐምሌ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እኛ ሰፈር በረዶ ወረደ። የዚህን አገር በረዶ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ቆርቆሮው ሲመታ ሰው ከሰው አይደማመጥም። ሲያባራ ወጥቼ ሳይ ግማሹ ቅጠል ተደፍጥጧል። በጣም ደነገጥኩ። በማግስቱ ወፍራም ሸራ ገዛሁና ከላይ እስከ ታች ጠቀለልኩት። ፋኑ እንዲተነፍስ ፊቱን ብቻ ከፈት አድርጌ በገመድ ጥፍር አድርጌ አሰርኩት። ከእንግዲህ በረዶም ዝናብም አይነካውም ብዬ ተኛሁ።

ችግሩ የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። ማሽኑ እረፍት አጣ። ድሮ ወተቱን አቀዝቅዞ ዝም ይል የነበረው ሌሊቱን ሙሉ ሲያጓራ ያድራል። አንድ ቴክኒሻን ጠራሁ። «ጋዝ አንሷል» ብሎ ሞልቶ ሄደ። ከጥቂት ወራት በኋላ ያው ሆነ። እንደገና ተሞላ። ባለፈው ፍልሰታ ላይ ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ «ኮምፕረሰሩ አብቅቶለታል፣ አዲስ ይገዛ» አለኝ። የጠራው ገንዘብ አንዲት ጊደር ይገዛል።

ፍልሰታ ለወተት ሰብሳቢ ምን ማለት እንደሆነ ሥራው ውስጥ ያለ ያውቀዋል። ሰው ይጾማል፣ ላም ግን አትጾምም። ገዢ የለም፣ ወተቱ ግን ይመጣል። ገበሬውን «ዛሬ አልቀበልህም» ማለት ደግሞ አልችልም፣ የልጆቹ ቀለብ ነው። በዚያ ሳምንት የሁለት ቀን ወተት ተበላሽቶብኝ ደፍቻለሁ። እናቴ ወተት መሬት ላይ ሲፈስ ስታይ «እግዚኦ» ትል ነበር። እኔም ያን ቀን ከአፌ የወጣው እሱ ነው።

ጋሼን ያገኘኋቸው በዶሮ አርቢ ጎረቤቴ በኩል ነው። በዝናብ፣ በባጃጅ፣ ከልጃቸው ጋር መጡ። ልጅቷ ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ሙያውን ከአባቷ እየተማረች ነው። ማሽኑ ይጮሃል እንጂ አያቀዘቅዝም ነበር። ጋሼ የዕቃ ሳጥናቸውን አልከፈቱም። መዳፋቸውን ፋኑ ፊት ዘረጉና ዝም ብለው ቆሙ። ከዚያ ሸራውን ዳሰሱት።

«ይሄን ማን አለበሰው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ። በረዶ እንዳይመታው ብዬ።»

«ማሰብሽ ደግ ነው። ግን ልጄ፣ የዚህ ሥራው ሙቀት ማውጣት ነው። ጋቢ ደርቦ የሚሮጥ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? ከልዪው እንጂ አታፍኚው።»

ከዚያ ቁጭ ብለው አስረዱኝ። የእኔው ማሽን ከጀርባና ከጎን ቀዝቃዛ አየር ይስባል፣ የሞቀውን ወደ ፊት ይተፋል። ሸራው ጀርባውን ሲዘጋው ያንኑ የተፋውን ትኩስ አየር መልሶ ይስባል። ግፊቱ ይጨምራል፣ ኮምፕረሰሩ ይግላል፣ መብራትም ይበላል። «አገሩ ብርድ ነው፣ ምን ያሞቀዋል?» አልኳቸው። የከፍታውን ነገር ያነሱልኝ ያኔ ነው። እኛ ያለነው ከ2500 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር ሩብ ያህል የሳሳ ነው። የሳሳ አየር ደግሞ ብዙ ሙቀት ተሸክሞ አይሄድም። ብርዱ ይረዳናል፣ ግን ማሽኑ በቂ አየር ካላገኘ ብርዱ ብቻውን አያድነውም።

ሸራው ሲነሳ ያየሁትን አልረሳውም። ውስጡ በላብ ርሷል። እርጥበቱ መውጫ አጥቶ የብረቱ እግር ዝጓል። ጥጉ ላይ አይጥ ከገለባና ከፌስታል ጎጆ ሠርታለች። የፋኑ ገመድ ላስቲክ ተግጦ መዳቡ ይታያል። የሰፈር ልጆች በዚያ በኩል ኳስ ሲያባርሩ ይውላሉ። ያ መዳብ ከብረቱ ጋር ቢነካካ ኖሮ ምን ይፈጠር እንደነበር ሳስበው እስካሁን ሰውነቴን ይወረኛል።

ቀጥለው ስለ ጋዙ ጠየቁኝ። ሁለት ጊዜ መሞላቱን ነገርኳቸው። «ጋዝ እኮ ነዳጅ አይደለም። አይቃጠልም፣ ተሠርቶበት አያልቅም። ከቀነሰ የወጣበት ቀዳዳ አለ። ቀዳዳውን ሳይደፍኑ መሙላት በተቀደደ ጀሪካን ውሃ መቅዳት ነው» አሉ። ልጃቸው በጣሳ ሳሙና በጠበጠች። ቱቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በብሩሽ ቀባችው። ሁላችንም ጎንበስ ብለን ጠበቅን። ቱቦው ከዛገው ብረት ጋር ሲፋተግ የሳሳበት ቦታ ላይ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል አረፋ ብቅ አለች። ፈነዳች። ሌላ ተተካች። ዓመት ሙሉ ያቃጠለኝ ነገር ያቺ ነበረች።

የቀረውን ጋዝ ወደ አየር አልለቀቁትም፣ በባዶ ሲሊንደር ሰበሰቡት። ቱቦውን በየዱ። ውስጡ ያለውን አየርና እርጥበት በፓምፕ ስበው አወጡ። ማሽኑ ላይ የተለጠፈውን መጠን አንብበው ጋዙን በሚዛን መዝነው ሞሉ። «አብቅቶለታል» የተባለው ኮምፕረሰር ተነሳ። ይኸው እስከ ዛሬ እየሠራ ነው።

ልጃቸው የሠራችውን ግን ለብቻው ልንገራችሁ። በረዶው የደፈጠጣቸውን ቅጠሎች ለማቅናት ማበጠሪያ የሚመስል መሣሪያ አለ። ጥርሱ ስስ ነው። እሷ ዱካ ላይ ተቀምጣ፣ ከታች ወደ ላይ፣ ረድፍ በረድፍ አበጠረችው። በጉልበት ከተሳበ ቅጠሉ ይቀደዳል። የተቋጠረ የሕፃን ፀጉር እንደምትፈታ እናት ነበር እጇ። በመሃል ቡና አፈላሁ፣ ሲኒዋን አጠገቧ አስቀምጣ ረሳችው። ሦስት ሰዓት ፈጀባት። ሲያልቅ ብርሃን በቅጠሎቹ መሃል አልፎ ግድግዳው ላይ ታየ። «አሁን አየርም እንዲህ ያልፋል» አለችኝ።

በማግስቱ መከለያውን ሠሩ። እዚህ ጋ ልብ በሉልኝ፣ ገንዘብ ሳታወጡ ራሳችሁ የምታስተካክሉት ነገር አለ። ማሽኑን ከጭቃው አንስተው በብሎኬትና በአርማታ ከፍ አደረጉት፣ ጎርፍ እንዳይደርስበት። ከግድግዳው አራቁት። ከላይ ተዳፋት ያለው ቆርቆሮ አደረጉለት፣ ፊቱ፣ ጎኑና ጀርባው ግን ክፍት ነው። በነፋስ ታጅቦ በአግድም ለሚመጣው በረዶ ከቅጠሎቹ ራቅ አድርገው ሰፋ ያለ ቀዳዳ ያለው የሽቦ ወንፊት ተከሉ። ጠባብ ቀዳዳ ከሆነ በበጋ አቧራ ይዘጋዋል። የጣሪያው ውሃ በቀጥታ እላዩ ላይ ይወርድ ነበር፣ አሸንዳውን አዞሩት። እኔ ዝናቡን ነበር የምፈራው። እሳቸው እንደሚሉት ውጭ እንዲቆም የተሠራ ማሽን ዝናብ ይችላል፤ የሚጎዳው የታፈነ እርጥበት፣ በረዶና የተጠራቀመ ቆሻሻ ነው።

ወደ ማሽኑ የሚገባው የመብራት ገመድ መጀመሪያ ወደ ታች ወርዶ ከዚያ ወደ ላይ እንዲገባ አደረጉት። ገመዱን ተከትሎ የሚመጣው ውሃ ጎንበስ ያለው ቦታ ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ወደ ሳጥኑ አይገባም። ቱቦው ላይ ያለው ጥቁር ስፖንጅ ፀሐይ አድርቆት በእጅ ሲነካ እንደ ዳቦ ፍርፋሪ ይረግፍ ነበር። ቀየሩትና ፀሐይ እንዳይደርስበት በአሉሚኒየም ፕላስተር ጠቀለሉት። መብራት ሄዶ ሲመጣ ደግሞ ኮምፕረሰሩ ቶሎ እንዳይነሳ 5 ደቂቃ የሚያቆይ ዕቃ ገጠሙለት። ውስጡ ያለው ግፊት ሳይመጣጠን ሲነሳ ነው የሚቃጠለው። በእኛ ሰፈር የመብራት አካሄድ ይህ ብቻውን ብዙ ማሽን ያድናል።

ሥራው ካለቀ በኋላ ጣሪያ ላይ ያለውን የሶላር ማሞቂያም እንዲያዩልኝ ለመንኳቸው። ቢዶኖቹን የማጥበው በእሱ ውሃ ነው። ባለ መስታወት ቱቦ ነው። በጋ ላይ ሁለት ቱቦ ተሰንጥቆብኝ ምክንያቱ ጠፍቶኝ ነበር። ጋሼ ሳይወጡ ገና ከታች ሆነው «ውሃ በፈረቃ ነው አይደል የሚመጣው?» አሉኝ። አዎ አልኩ። ውሃ ሲጠፋ ሮቶው ያልቃል፣ ቱቦዎቹ ባዷቸውን ፀሐይ ላይ ይግላሉ። ከዚያ ቀትር ላይ ውሃው ሲመጣ ቀዝቃዛው የጋለውን መስታወት ይመታዋል። የጋለ ብርጭቆ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ እንደ ማፍሰስ ነው። ከሮቶው በሚወርደው መስመር ላይ መዝጊያ አስገቡልኝ። አሁን ውሃ ጠፍቶ ከሰነበተ እዘጋዋለሁ፤ የምከፍተው ማለዳ ፀሐይ ሳይወጣ ወይም ከመሸ በኋላ ነው።

ስለ ውርጩም አስጠንቅቀውኛል። ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ባለ ሌሊት ጣሪያ ላይ ያለ ቱቦ ከአየሩ የባሰ ይቀዘቅዛል። ውሃ በረዶ ሲሆን ወደ 9 በመቶ ያብጣል፣ ቱቦውን ያፈነዳዋል። ስለዚህ ወደ ማሞቂያው የሚወጣውንም ከሱ የሚወርደውንም ቱቦ፣ መገጣጠሚያውን ጭምር፣ ማልበስ ነው። ለዚህኛው ማልበስ ይፈቀዳል! ታንኩ አናት ላይ ለአየር የተተወችውን ቀጭን ቱቦ ብቻ እንዳትደፍኑ። እሷ ከተዘጋች ውሃው ሲቀዳ ታንኩ ወደ ውስጥ ይጨማደዳል።

ዋጋቸውን የምትጠይቁኝ አላችሁ። እንደ ሥራው ስለሚለያይ ቁጥር አልጠራም። ግን የሁለት ቀን ሥራ፣ ቆርቆሮውና ጋዙ ተደምሮ ለኮምፕረሰሩ ከተጠራብኝ ሩቡን አልሞላም። አሮጌውን ስፖንጅና የተበላውን ገመድ እንኳ አሳይተውኝ ነው የጣሉት። የመስከረም የመብራት ሂሳቤም ከነሐሴው ወርዷል፣ የተቀበልኩት ወተት ግን አልቀነሰም።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ እንዳታማርሯቸው። ቀን ላይ ስልክ አያነሱም። ጣሪያ ላይ ናቸው ወይም እጃቸው ተይዟል። ማታ ከአንድ ሰዓት በኋላ ደውሉ። ሥራ አያጣድፉም፣ ስለዚህ ቀጠሮው ሳምንት ሊዘገይ ይችላል። ለእኔ መጠበቁ ተገቢ ነው። ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ፈቅደውልኛል፣ እልክላችኋለሁ። የሶላር ቱቦ ማልበስ የምትፈልጉ ኅዳር ሳይገባ ብትደውሉ ጥሩ ነው። ራቅ ብላችሁ ያላችሁ ደግሞ የባጃጁን ሂሳብ አስቡላቸው፣ እሳቸው አፍ አውጥተው አይጠይቁም።

ጋሼ፣ ይህን ልጅዎ ታነብልዎታለች ብዬ አስባለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለእሷም የዚያን ቀን የቀዘቀዘባት ቡና አለብኝ። ረቡዕና ዓርብ ባልሆነ ቀን በዚህ ስታልፉ ጎራ በሉ፣ እርጎ አለ።