የትናንሽ ትራክተሮች ፎር ዊል ድራይቭ፦ መቼ ይግባ፣ መቼ ይውጣ?

ከ20 እስከ 50 የፈረስ ጉልበት ያላቸውን ትናንሽ ትራክተሮች በፎር ዊል ድራይቭ የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያስበው ጭቃ ነው። ጭቃ ላይ በደንብ ይረዳል። የተከፈለበትን ዋጋ የሚመልሰው ግን ቁልቁለት ላይ ነው፤ ብዙ ነጂ ደግሞ «መሬቱ ደረቅ ነው» ብሎ የሚያወጣው እዚያው ላይ ነው።

ነገሩ ከፍሬን ጋር የተያያዘ ነው። በአብዛኞቹ ትናንሽ ትራክተሮች ፍሬኑ የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ብቻ ነው። ሃይድሮስታቲክ (በዘይት ግፊት የሚሠራ) ካምቢዮ ያለውም ፔዳሉ ሲለቀቅ የሚገታው በኋላው አክሱል በኩል ነው። ሎደሩ (ከፊት የተገጠመው መጫኛ ባልዲ) አፈር ተሸክሞ ቁልቁል ሲወርድ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄድና የኋላ ጎማዎች ይቀላሉ። ያኔ ፍሬን ቢረገጥ የኋላዎቹ ተቆልፈው ይንሸራተታሉ፣ የፊቶቹ እንደ ልባቸው ይሽከረከራሉ፣ ትራክተሩም ይፈጥናል። ፎር ዊል ከገባ ሁለቱ አክሱሎች በዘንግ ስለሚያያዙ ፍሬኑ አራቱንም ጎማ ይይዛል። ስለዚህ መውረድ ከመጀመሩ በፊት፣ ሜዳው ላይ እያለ ይግባ፤ ባልዲው ዝቅ ይበል፣ ማርሹም ከባዱ ይሁን። ቁልቁለቱ መሃል ላይ ፍሪሲዮን ረግጦ የፎር ዊሉን ማንሻ መፈለግ አደገኛ ነው። የእጅ ፍሬኑም ብዙ ጊዜ የኋላውን ብቻ ስለሚይዝ፣ ተዳፋት ላይ የሚቆም ትራክተር ፎር ዊሉ እንደገባ ይቁም። ጎን ለጎን ባዘነበለ መሬት ላይ ግን ፎር ዊል ከመገልበጥ አያድንም፤ ቢገለበጥ ነጂውን የሚያድነው የመገልበጫ መከላከያው ብረትና ቀበቶው ነው።

አስፋልትና ኮንክሪት ላይ ነገሩ ይገለበጣል። እነዚህ ትራክተሮች በፊትና በኋላ አክሱል መካከል ዲፈረንሻል (ሁለቱ በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚያደርግ ክፍል) የላቸውም። የፊት ጎማዎች ደግሞ መሬቱን እየሳቡ እንዲሄዱ ሲባል ከኋላዎቹ ከ1 እስከ 5 በመቶ እንዲቀድሙ ተደርገው ተሠርተዋል። ለስላሳ አፈር ላይ ልዩነቱ በትንሽ መንሸራተት ይጠፋል፤ ደረቅ አስፋልት ግን አያንሸራትትም፣ ስለዚህ ጫናው ዘንጉና የማርሽ ጥርሶቹ ላይ ይጠራቀማል። መሪው ይከብዳል፣ የፊት ጎማ ጥርስ በፍጥነት ይበላል፣ ማንሻውም አልወጣም ይላል። ማንሻውን በመዶሻ ወይም በእግር መምታት አያስፈልግም፤ ጥቂት ሜትር ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ሲመለስ ጫናው ይፈታል። ከሁሉ የከፋው ባልዲ ሞልቶ ኮንክሪት ላይ በፎር ዊል መታጠፍ ነው።

አገባቡ ቀላል ነው፦ ትራክተሩን ማቆም ወይም እጅግ ማዘግየት፣ መሪውን ማቅናት፣ ማንሻውን እስከ መጨረሻው መግፋት። የኋላ ጎማ በከንቱ እየተሽከረከረ ሳለ ማስገባት የማርሽ ጥርስ ይሰብራል፤ ጭቃ ውስጥ ከመግባት በፊት ፎር ዊሉ ይግባ የሚባለውም ለዚህ ነው። ፎር ዊል ገብቶም ከፊት አንድ፣ ከኋላ አንድ ጎማ ብቻ የሚሽከረከርበት ጊዜ አለ፤ ያኔ የዲፈረንሻል መቆለፊያው ፔዳል ይረገጣል፣ ቀጥ ተብሎ ይወጣና ከመታጠፍ በፊት ይለቀቃል። በንድፉ ላይ የምንነቅፈው ማንሻው ብዙ ጊዜ ከመቀመጫው ሥር ተደብቆ መቀመጡን ነው። ዳሽቦርዱ ላይ መብራት ከሌለ መግባቱን ማወቅ ያስቸግራል።

ጎማ ሲቀየር ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የፊቱን ብቻ በሌላ መጠን መቀየር ያንን የ1–5 በመቶ ቅድሚያ ያበላሸዋል። መለኪያው ኖራና ሁለት ሰው ብቻ ይፈልጋል። የአራቱም ጎማ ንፋስ ይስተካከልና አንድ የፊትና አንድ የኋላ ጎማ ላይ ምልክት ይደረጋል። ለስላሳ መሬት ላይ ፎር ዊሉ ወጥቶ የኋላው 10 ጊዜ ሲዞር የፊቱ ስንት እንደዞረ ይቆጠራል፤ ከዚያ ገብቶ ይደገማል። መጀመሪያ 15.5፣ ቀጥሎ 16 ከሆነ ልዩነቱ 0.5 ነው፤ ለ15.5 ሲካፈል ወደ 3.2 በመቶ ይመጣል፣ ጤነኛ ነው። ሁለተኛው ቁጥር ካነሰ የፊት ጎማው እየጎተተ እንደ ፍሬን ይሠራል።

ሥራው ሜዳ ላይ ሣር ማጨድና ቀላል ጭነት ብቻ ለሆነ ሰው በሁለት ጎማ ብቻ የሚነዳው ይበቃዋል፤ ይረክሳል፣ በጠባብ ቦታ ይታጠፋል፣ ሣሩንም አይቦጭቅም። ሎደር ወይም ተዳፋት ላለበት ግን ፎር ዊል የሌለውን አንመክርም። ሎደር ካለ ከኋላም ክብደት ይጫን፤ ፎር ዊል የዚያን ቦታ አይተካም።

ያገለገለ ሲገዛ የፊት ጎማው ከኋላው በጣም ቀድሞ ተበልቶ እንደሆነና በፊት ጎማዎቹ ውስጠኛ ጎን፣ ፓራኦሊው (ዘይት እንዳይወጣ የሚይዘው ጎሚኒ) አካባቢ፣ ዘይት መውጣቱ ይታይ። ከዚያ የፊት አክሱሉ የዘይት ቡሽ ጥቂት ላላ ይደረግ፤ የሚወጣው ዘይት ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል፣ ኩሽኔታዎቹም ሳይታዩ መግዛት አይገባም።