ድሬዳዋ በሰኔ፣ ኤሲ በሌለው ክፍል

ድሬ ላይ ኤሲ የሌለው ክፍል መያዝ እብደት አይደለም። አብዛኛው የከተማው ሰው ያለ ኤሲ ነው ተወልዶ ያደገው፣ እንቅልፉም ሰላም ነው። ስለዚህ "ኤሲ የለውም" ብዬ ኮከብ ልቀንስ አልመጣሁም። ክፍሉን ሲሰጡኝም ነግረውኛል፣ ዋጋውም በዚያው ልክ ነበር። እኔን ያበሸቀኝ ሌላ ነው። ክፍሉን ኤሲ እንደሚገባለት አድርገው ሠርተውት ኤሲውን ብቻ ትተውታል።

የሆቴሉን ስም አልጠራም። ሠራተኞቹ ምርጥ ልጆች ናቸው፣ ሕንፃውን ደግሞ እነሱ አልሠሩትም። ሳቢያን ሰፈር በኩል ካሉት አዳዲስ ፎቆች አንዱ ነው ብዬ ልለፈው።

ክፍሌ የመጨረሻው ፎቅ ላይ ነው፤ ከላዬ ያለው የኮንክሪት ጣሪያ ብቻ። ፊት ለፊት ከወለል እስከ ኮርኒስ መስታወት ነው፣ ያውም ወደ ምዕራብ የዞረ። ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ፀሐይ ቀጥ ብላ ትገባና እስክትጠልቅ አትወጣም። ከዚያ ሁሉ መስታወት የሚከፈተው አንድ ጠባብ ተንሸራታች ነው፣ እሱም ግማሽ ላይ ሲደርስ ይነክሳል። በሌላ በኩል መስኮት የለም። በሩ የሚከፈተው ወደ ታፈነ ኮሪደር ነው። አየር በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው ካልወጣ መስኮት መክፈት ምን ሊፈይድ?

ቀንማ ማን ክፍል ውስጥ ይቀመጣል፤ ጉዱ ያለው ማታ ነው። ኮንክሪት ቀኑን ሙሉ የጠጣውን ሙቀት የሚመልሰው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው። ውጭ ነፋስ መጥቶ ሰው በረንዳ ላይ ሻዩን እየጠጣ ሲጫወት፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ የክፍሌን ግድግዳ በመዳፌ ብነካው ገና ይሞቃል። የቆርቆሮ ጣሪያ እንኳ ይሻላል። ቀን ያቃጥላል እንጂ ማታ ቶሎ ይበርዳል።

አልጋው ላይ ደግሞ የጠበቀኝ ነብር ነው። ያ ሁላችሁም የምታውቁት ወፍራም የቻይና ብርድ ልብስ፣ ነብር ያለበት፣ በሥነ ሥርዓት ተጣጥፎ ተቀምጧል። ድሬዳዋ! በሰኔ! እሱንስ አንስቼ ወንበር ላይ ጣልኩት። አንሶላውን ገለጥ ሳደርግ ግን ፍራሹ ከነላስቲኩ ነው፣ ከፋብሪካ እንደወጣ። እንዳይቆሽሽ ተብሎ ነው መቼም። ላብ መሄጃ ስለሌለው ጀርባዬ ከአንሶላው፣ አንሶላው ከላስቲኩ ይጣበቃል፣ በተገላበጥኩ ቁጥርም ይንኮሻኮሻል። ይህንን ለማስተካከል ኤሲ አያስፈልግም፣ መቀስ ይበቃል።

ፋን አለ። የሚቆመው ዓይነት ነው፣ አንገቱ መዞር ትቷል። ፋን አየሩን አያቀዘቅዝም፤ ላብ እያደረቀ ነው ሰውነትን የሚያበርደው። ክፍሉ ውስጥ ያለው አየር ራሱ ትኩስ ከሆነ ያንኑ ትኩስ መልሶ ይነፋባችኋል። መስኮቷ ሥር አስጠግቼ የውጭውን አየር ወደ ውስጥ እንዲነፋ ሳደርገው ነው ትንሽ ነፍስ የዘራሁት። ከዚያ መብራት ሄደ። ጀነሬተር አላቸው፣ ሲነሳም ሰምቻለሁ፤ ግን የሚያበራው ሪሴፕሽኑንና ኮሪደሩን ብቻ ነው። ክፍል ውስጥ ያለው እንግዳ እንደ ፍጥርጥሩ።

ወርጄ ለሪሴፕሽኗ ልጅ ነገርኳት። "አቦ አታካብድ፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል" አለችኝ። ደግነቱ በወሬ ብቻ አልሸኘችኝም። ትርፍ አንሶላ አመጣችና "ውሃ ነክረህ በደንብ ጭመቀውና ልበሰው፣ እኛ ቤት እንደዚህ ነው የምናድረው" አለችኝ። ይሠራል! የድሬ አየር ደረቅ ስለሆነ እርጥቡ አንሶላ ቶሎ ይደርቃል፣ እየደረቀም ያቀዘቅዛል። ጅቡቲ ላይ ብትሞክሩት ግን በባሕሩ ወበቅ እንደረጠበ ያድራል እንጂ እዚህ ግባ የሚባል ጥቅም የለውም።

ሻወር ደግሞ ሰዓት መርጣችሁ ነው። ውሃው የሚመጣው ጣሪያ ላይ ከተቀመጠ ጥቁር ሮቶ ነው። ከሰዓት በኋላ ሰማያዊ ምልክት ያለበትን ቧንቧ ብትከፍቱ ሻይ ሊፈላበት ጥቂት የቀረው ውሃ ይወርዳል። ቀዝቃዛ የሚባለው ውሃ የሚገኘው ንጋት አስራ አንድ ሰዓት ላይ ነው።

አሁን ቁም ነገሩ። ኤሲ የሌለው ክፍል መስኮቱ ተከፍቶ ነው የሚታደርበት፣ ለዚያ ደግሞ አጎበር ወይም የመስኮት ወንፊት የግድ ነው። እዚህ ሁለቱም የሉም። በ2011 ዓ.ም. ክረምት ትንኝ የምታስተላልፈው ቺኩንጉንያ የሚባል በሽታ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር የድሬ ሰው አልጋ ላይ ጥሎ ነበር። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ማንም ባልጠበቀው ደረቅ ወቅት ወባ ተነሳ፣ ተመራማሪዎችም አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባለዋን መጤ ትንኝ አገኙባት። ይህቺ ትንኝ ረግረግ ፍለጋ አትሄድም፤ በርሜል፣ የግንባታ ውሃ ጉድጓድ፣ ክዳኑ የተከፈተ ታንከር ይበቃታል። ቺኩንጉንያና ደንጊ የምታስተላልፈው ሌላዋ ደግሞ ቀን ነው የምትናከሰው። ድሬ ከምሳ በኋላ ሱቅ ዘግታ የምታርፍ ከተማ ስለሆነች፣ አጎበሩ ለቀን እንቅልፍም ያስፈልጋል። ኤሲ ውድ ነው፣ መብራቱም ያስከፍላል፣ ይገባኛል። አጎበር ግን ስንት ብር ሆኖ ነው?

በማግስቱ ለቅቄ ከዚራ ሰፈር ውስጥ አንድ አሮጌ ቤት ያዝኩ። ኤሲ እሱም የለውም! ግን ግድግዳው ወፍራም፣ ኮርኒሱ ሩቅ ነው፣ መስኮቶቹ ፊት ለፊት ይተያያሉ፣ ከፊት በረንዳ አለ። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬ ሲደርስ ከዚራን የቀየሱት ፈረንሳዮች ኤሲ የሚባል ነገር በእጃቸው አልነበረም፣ ስለዚህ ጥላና ነፋስ ላይ ነው ያሰቡት። መንገዱ ዳርና ዳር ዛፍ ነው፤ ከባጃጅ ወርዳችሁ ጥላው ውስጥ ስትገቡ ልዩነቱ ወዲያው ይታወቃችኋል። ዛሬ ያን ሁሉ ትተን ከአዲስ አበባ የተቀዳ የመስታወት ፎቅ፣ ከባሕር ጠለል 1,200 ሜትር ገደማ ላይ፣ ቀኑ 35 ዲግሪ በሚያልፍበት ከተማ እንተክላለን። ለምን እንደሆነ የሚያስረዳኝ ባገኝ ደስ ይለኛል።

አዲሱ ቦታ እንከን አልባ ነው እያልኩ አይደለም። ሻወሩ የጋራ ነው፣ ዋይፋይ አይታሰብም፣ ንጋት ላይ ቁራዎቹ ይቀሰቅሷችኋል። ግን ተኛሁ፣ ዋጋውም ከፎቁ ያንሳል።

ስለዚህ ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ ድሬ የምትሄዱ፣ ስልክ ስትደውሉ "ኤሲ አለ?" ብላችሁ ብቻ አትዝጉት። ስንተኛ ፎቅ እንደሆነ፣ መስኮቱ ወዴት እንደሚዞር፣ ጀነሬተሩ ክፍል ድረስ ይደርስ እንደሆነ፣ አጎበር መኖር አለመኖሩን ጠይቁ። ኤሲ አለ ቢሏችሁም እንኳ የጀነሬተሩን ጥያቄ እንዳትዘሉት፤ ብዙ ቦታ ጀነሬተሩ አምፖል እንጂ ኤሲ አያስነሳም። ሥራ ሳቢያን በኩል ይዟችሁ ያንኑ ፎቅ የግድ የምትይዙ ከሆነ ደግሞ አንደኛ ፎቅ ላይ በጓሮ በኩል ያሉትን ክፍሎች ጠይቁ። አንዱን ገብቼ አይቼዋለሁ፤ የጎረቤት ኒም ዛፍ ያጠላበታል፣ መስኮቱም እስከ መጨረሻው ይከፈታል። የፍራሹን ላስቲክ ግን ራሳችሁ ትገፍፉታላችሁ።