የደላዌርን የባሕር ወሽመጥ ወፎች ላሳዩን አስጎብኚ ምስጋና፣ ለማየት ለምትፈልጉም ጥቆማ

ከኢትዮጵያ ለጥየቃ የመጡትን አባቴንና ልጆቻችንን በደላዌር የባሕር ወሽመጥ ዳርቻ አንድ ሙሉ ቀን ላስጎበኙን፣ በሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ለሚኖሩት አሽከርካሪና የወፍ አስጎብኚ ወገናችን በመላው ቤተሰቤ ስም ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ስማቸው በአደባባይ እንዲወጣ ስላልፈቀዱ እዚህ አልጠቅሰውም፤ በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ ሰው ግን ስልካቸውን እንድሰጥ ፈቅደውልኛል። በዋሽንግተን፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የምንኖር ሰዎች ዘመድ ሲመጣልን የት እንደምንወስደው ስናስብ ቀድሞ የሚታወሰን ኋይት ሐውስ፣ ኒው ዮርክ ወይም የናያግራ ፏፏቴ ነው። ከቤታችን በመኪና ሁለት ሰዓት ገደማ ርቀት ላይ በግንቦት ወር የሚታየውን ነገር የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው፤ የሚያውቀውም ቢሆን በትክክለኛው ሰዓት የሚያደርሰው ሰው ካላገኘ አይቶ እንዳላየ ሆኖ ሊመለስ ይችላል።

የደላዌር የባሕር ወሽመጥ በደላዌርና በኒው ጀርሲ ግዛቶች መካከል የሚገኝ፣ ዳርና ዳሩ ጨዋማ ረግረግና ጠባብ አሸዋማ ዳርቻ የሆነ ሰፊ ውሃ ነው። በአሜሪካ አህጉራት የባሕር ዳርቻ ወፎችን ለመጠበቅ የተቋቋመው የመጠለያዎች ትስስር እ.ኤ.አ. በ1986 ሥራውን ሲጀምር የመጀመሪያው ጣቢያ አድርጎ የመዘገበው ይህንን ወሽመጥ ነበር። ከወፎቹ ሁሉ ስሙ የገነነው ሬድ ኖት የሚባለው ነው። በግንቦት ደረቱና ፊቱ የሸክላ ቀለም የሚይዝ፣ ቁመቱ ከአንድ ስንዝር ብዙም የማይበልጥ ወፍ ሲሆን፣ ከእነዚህ ወፎች አንዳንዶቹ በደቡብ አሜሪካ ጫፍ ላይ ካለችው ከቲየራ ዴል ፉዌጎ ተነሥተው በካናዳ ሰሜናዊ ጫፍ ወዳለው መራቢያቸው 15,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛሉ። እ.ኤ.አ. በ1995 በአርጀንቲና ምልክት የተደረገለትና በኋላ ቢ95 በሚል መለያ የታወቀው አንድ ሬድ ኖት ወደ ሃያ ለሚጠጋ ዓመት በተደጋጋሚ ስለታየ፣ በዕድሜው የበረረው ርቀት ሲሰላ ከምድር እስከ ጨረቃ ካለው መንገድ በልጦ ተገኝቷል፤ ባለሙያዎቹም የጨረቃ ወፍ የሚል ቅጽል ሰጥተውታል። አባቴ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር በመሆናቸው አስጎብኚያችን ይህን ሲተርኩ ወዲያው በሐሳባቸው ካርታ ዘርግተው መስመሩን መከተል ጀመሩ።

እነዚህ ወፎች ሌላ ቦታ ትተው እዚህ የሚያርፉበት ምክንያት ሆርስሹ ክራብ የሚባለው ባለ ቅርፊት የባሕር ፍጥረት ነው። ስሙ ሸርጣን ይበለው እንጂ ዝምድናው ለሸረሪትና ለጊንጥ ይቀርባል፤ ዘሩም በምድር ላይ ከ400 ሚሊዮን ዓመት በላይ የቆየ ነው። በግንቦትና በሰኔ፣ በተለይም ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ወይም አዲስ ስትወለድ፣ የባሕሩ ውሃ እስከ ላይኛው አሸዋ ድረስ ሲሞላ፣ እልፍ አእላፍ ሆነው ወደ ዳርቻው ይወጡና እንስቶቹ በአንድ ጉድጓድ 4,000 ገደማ የሚሆኑ ጥቃቅን አረንጓዴ ዕንቁላሎችን እየቀበሩ ይመለሳሉ። ሬድ ኖት ለረጅም በረራ ሲዘጋጅ የምግብ መፍጫ አካሉ ስለሚኮማተር ደርሶ ሲያርፍ ጠንካራ ቀንድ አውጣና ዛጎል ለመፍጨት ይቸገራል፤ ለስላሳውና ስብ የሞላበት ዕንቁላል ግን ይስማማዋል። በሁለት ሳምንት ገደማ ጊዜ ውስጥ ክብደቱን ወደ እጥፍ አድርሶ ካልተነሣ ሰሜኑ ገና በረዶ ለብሶ ስለሚጠብቀው መራባት አይችልም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሆርስሹ ክራብ ለዓሣ ማጥመጃ እየተባለ ያለ ልክ በመያዙ የወፎቹ ቁጥርም አብሮ አሽቆለቆለ፤ ኒው ጀርሲ እ.ኤ.አ. በ2008 መያዙን ሙሉ በሙሉ ያገደች ሲሆን፣ የአሜሪካ መንግሥት ደግሞ ሬድ ኖትን እ.ኤ.አ. በ2014 አደጋ ከተጋረጠባቸው ዝርያዎች ተርታ መድቦታል። እኔ በሙያዬ ነርስ ስለሆንሁ ይበልጥ የገረመኝ ሌላ ነገር ነበር። የዚህ ፍጥረት ደም መዳብ ስላለበት ሰማያዊ ነው፤ በመርፌ የሚሰጡ መድኃኒቶችና ክትባቶች ከባክቴሪያ መርዝ ነጻ መሆናቸው ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ሲመረመር የኖረው ከእርሱ ደም በሚዘጋጅ ንጥረ ነገር ነው። በየቀኑ በእጄ የሚያልፈው መድኃኒት ከዚያ አሸዋ ጋር እንደሚገናኝ ማንም ነግሮኝ አያውቅም ነበር።

አሁን ወደ ሰውየው ልመለስ። ስልክ የደወልሁላቸው ዕለት ዋጋ ከመናገራቸው በፊት ጥያቄ ማቅረብ ጀመሩ፤ የአባቴ ዕድሜ ስንት እንደሆነ፣ ጉልበታቸው ደረጃ መውጣት ይችል እንደሆነ፣ ስኳር ካለባቸው በስንት ሰዓት እንደሚመገቡ፣ ልጆቹ መኪና ውስጥ ያስመልሳቸው እንደሆነ ጠየቁ። ከዚያም እኔ የመረጥሁትን ቅዳሜ ቆርጠው አልቀበልም አሉኝ። የዚያን ዕለት ውሃው የሚሞላበት ሰዓት እንደማይመች አስረድተው፣ በሚቀጥለው ሳምንት አጋማሽ ላይ የሥራ ፈረቃዬን መቀየር እችል እንደሆነ ጠየቁኝ፤ እኔም ቀየርሁ። ከዚህ ቀደም ስሙን የማልጠቅሰው አንድ አስጎብኚ ድርጅት ወደዚያው አካባቢ ወስዶን ነበር። ቀትር ላይ፣ ውሃው ሩቅ ሸሽቶ ሳለ ደርሰን፣ ከጭቃው ማዶ እንደ ተበተነ ተልባ የሚታዩ ነጠብጣቦችን አሳይቶ መልሶናል። ገንዘብ ሊያጣ እንደሚችል እያወቀ ደንበኛን ቀን የሚያስቀይር ባለሙያ ብዙ አይገኝም፤ ጥቆማዬን እንድጽፍ ካነሣሡኝ ነገሮች ዋናው ይህ ነው።

በቀጠሯችን ዕለት ከሌሊቱ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተነሥተን፣ የቼሳፒክን ድልድይ ተሻግረን፣ ማለዳ አንድ ሰዓት ገደማ ስሚርና ከምትባለው ከተማ አጠገብ ቦምቤይ ሁክ የዱር እንስሳት መጠለያ ደረስን። መጠለያው እ.ኤ.አ. በ1937 የተቋቋመ ሲሆን ስፋቱ 6,500 ሄክታር ገደማ ነው። አብዛኛው ክፍሉ የባሕሩ ውሃ ሲሞላና ሲሸሽ የሚሸፈንና የሚገለጥ ጨዋማ ረግረግ ነው፤ በውስጡ ግን በክትር የታገዱ ሰው ሠራሽ ኩሬዎች አሉ። ክትሮቹንና መንገዶቹን የሠሩት በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን በመንግሥት የሥራ ፕሮግራም የተመለመሉ ጥቁር አሜሪካውያን ወጣቶች መሆናቸውን አስጎብኚያችን ሳይናገሩ አላለፉም። የባሕሩ ውሃ በሞላበት ሰዓት ረግረጉ ስለሚሰጥም ወፎቹ ወደ እነዚህ ኩሬዎች ይሰደዳሉ፤ በመሆኑም ሙላቱን ጠብቆ እዚህ መገኘት፣ ውሃው መሸሽ ሲጀምር ደግሞ ወደ ባሕሩ ዳርቻ መውረድ የእሳቸው የቀኑ ሥሌት ነበር። 19 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው የመጠለያው መንገድ በመኪና የሚዞር በመሆኑ ለአባቴ ጉልበት የሚመች ነው፤ መኪናውም ራሱ እንደ መደበቂያ ያገለግላል፤ ምክንያቱም ወፎቹ ከቆመ መኪና ይልቅ ከቆመ ሰው ይሸሻሉ።

ከኩሬዎቹ በአንዱ ዳር መስኮት ዝቅ አድርገን ስንቆም፣ ቀጫጭን ረጃጅም ሮዝ እግሮች ያሏቸው ጥቁርና ነጭ ወፎች ውሃውን በርጋታ እየረገጡ ሲለቅሙ አየን። አባቴ፣ «ይሄንን እኮ ዝዋይ ዳር አውቀዋለሁ» አሉ። አስጎብኚያችን ፈገግ ብለው፣ «ጋሼ፣ የዝዋዩ የዚህ የአጎት ልጅ ነው፤ ግንባሩን ያስተውሉ፣ የዚህኛው ጥቁረት ከዓይኑ በላይ ይወጣል» ካሉ በኋላ ቴሌስኮፑን በአባቴ ቁመት ልክ ዝቅ አድርገው አስተካከሉላቸው። ከእነርሱ ማዶ ምንቃራቸው ወደ ላይ የተቆለመመና አንገታቸው የብርቱካን ቀለም የያዘ፣ አቮሴት የሚባሉ ወፎች በሰልፍ ሆነው አፋቸውን በውሃው ውስጥ ግራና ቀኝ ያመላልሱ ነበር። ጠቆር ብሎ የሚያብረቀርቀው፣ ምንቃሩ እንደ ማጭድ የጎበጠው ወፍ ግን ራሱ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ዳር የሚገኘው ዝርያ መሆኑን ሲሰሙ አባቴ በጣም ተደሰቱ። አንድ ሰው የቀረውን ነገር ሁሉ አጥንቶ ሊያወራ ይችላል፤ ለእንግዳው የሚያውቀውን አገር መነሻ አድርጎ ማስረዳት ግን የዕውቀት ብቻ ሳይሆን የአስተዳደግም ጉዳይ ይመስለኛል።

ረፋዱ ላይ ውሃው መሸሽ ሲጀምር ወደ ደቡብ ወርደን ሚስፒሊየን ወደተባለው የወንዝ አፍ ሄድን። በዚያ የደላዌር ግዛት የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት የሚያስተዳድረው የተፈጥሮ ማዕከል አለ፤ ከእንጨት የተሠራው ሰፊ ሰገነቱ ወፎቹ ከሚመገቡበት አሸዋ ፊት ለፊት፣ ውሃው በመካከል ሆኖ ይገኛል። የደረስንበት ጊዜ ወፎቹ አሸዋውን ያለበሱበት ነበር። ተርንስቶን የሚባሉት በምንቃራቸው አሸዋውን እየቆፈሩ ዕንቁላሉን ያወጣሉ፤ ሬድ ኖቶቹ ደግሞ ላይ ላዩን የተበተነውን በፍጥነት ይለቅማሉ፤ ጩኸታቸው ሳቅ የሚመስለው ትልልቅ የባሕር ወፎች በመካከላቸው ገብተው ይሻማሉ። የማዕከሉ በጎ ፈቃደኞችም የራሳቸውን ቴሌስኮፕ ለልጆቹ እየለቀቁ፣ የተጠየቁትን ሁሉ ሳይሰለቹ ስላስረዱን በዚሁ አጋጣሚ አመሰግናቸዋለሁ።

እዚህ ላይ የሆነውን በዝርዝር መናገር እፈልጋለሁ። ታላቁ ልጄ በስልኩ ቀረብ አድርጎ ቪዲዮ ለማንሳት ስለፈለገ ወደ አሸዋው የምንወርድበት መንገድ ካለ ጠየቀ። አብረውን የነበሩ አንድ ዘመዳችንም፣ «ይህን ያህል መንገድ መጥተን ከሩቅ አይተን ልንመለስ ነው?» ብለው አገዙት። አስጎብኚያችን አልተቆጡም፤ ደንበኛን ላለማስከፋት ብለውም አልተለሳለሱም። አንድ መንጋ ከመመገቢያው በተነሣ ቁጥር የሚያቃጥለው ስብ፣ በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ ያጠራቀመው ስብ መሆኑን፣ ቀኑን ሙሉ እየመጣ የሚያስበረግጋቸው ሰው ቢበዛ ደግሞ ክብደታቸው ሳይሞላ የመነሻቸው ቀን እንደሚደርስ አስረዱት። በኒው ጀርሲ በኩል ብዙዎቹ ዳርቻዎች በዚህ ወቅት ለሰው የሚዘጉት በዚሁ ምክንያት መሆኑንም ነገሩን። ከዚያ ወደ ዘመዳችን ዞር ብለው፣ «እትዬ፣ ትንሽ ይታገሡኝ፤ ውሃው ራሱ ያመጣቸዋል» አሉ። እንዳሉትም ውሃው እየሸሸ በሄደ መጠን በእኛ በኩል ያለው ጭቃ ስለተገለጠ የተወሰኑ ወፎች እየበረሩ መጥተው ከሰገነቱ ሥር መመገብ ጀመሩ፤ ልጄም ቪዲዮውን ከቆመበት ሳይነቃነቅ አነሣ። ለእኔ የአስጎብኚ ዋጋው እዚህ ላይ ነው። ወደ ወፎቹ መቅረብን የሚሸጥ ሰው በየትም ይገኛል፤ ርቀትን ጠብቆ፣ ውሃውንና ሰዓቱን ተጠቅሞ ወፎቹ ራሳቸው እንዲቀርቡ የሚያደርግ ሰው ግን ሥራውን የሚያውቅ ብቻ ነው።

ምሳችንን የበላነው ከቤት ይዘነው በሄድነው ነው። በዓለ ሃምሳ ስለነበር ረቡዕም ቢሆን ጾም አልነበረም፤ የጾም ወቅት ለሚሄድ ሰው ግን በአካባቢው የሚስማማ ምግብ ማግኘት ስለሚያስቸግር ስንቅ መያዝ ይሻላል። ለአባቴ የሚታጠፍ ወንበር ከመኪናቸው አውጥተው ጥላ ሥር ዘረጉላቸው። ከዚያ በኋላ ወደ ስሎተር ቢች አመራን። ማዕበል ገልብጧቸው በጀርባቸው የወደቁ ሆርስሹ ክራቦች እግራቸውን እያንቀሳቀሱ ፀሐይ ላይ ቀርተው ነበር፤ ልጆቹ በጅራታቸው ሳይሆን በጎንና ጎናቸው ያለውን የቅርፊታቸውን ጠርዝ ይዘው እንዲገለብጧቸው አሳዩአቸው። ጅራቱ የሚያስፈራ ይምሰል እንጂ የማይናደፍ፣ ራሱን ለማቅናት የሚጠቀምበት መሆኑን ካወቁ በኋላ ታናሿ ልጄ ለሰዓታት ሌላ ነገር አላየችም። መንካትም ሆነ መቅረብ በሚፈቀድበት ቦታ እንዲህ እጃቸውን የሚያፍታቱበት ሥራ መስጠታቸው፣ ጠዋት የከለከሏቸውን ነገር ምክንያት ይበልጥ ግልጽ አደረገላቸው።

ቅሬታ የለኝም ማለት አይደለም። ስለ ሆርስሹ ክራብ ከጀመሩ ለማቆም ይቸገራሉ፤ ሚኒባሳቸው የተሽከርካሪ ወንበር ማንሻ የለውም፤ ክፍያቸውም በአካባቢው ከሰማሁት ዝቅተኛው አይደለም፤ ነገር ግን ነዳጁን፣ የድልድዩን ክፍያና የመጠለያውን መጠነኛ የመግቢያ ዋጋ ጠቅልለው ስለሚነግሯችሁ መንገድ ላይ የሚጨመር ነገር የለም። መነጽርና ቴሌስኮፕ ከእሳቸው ስለሚገኝ መግዛት አያስፈልግም። እናንተ ነፋስ የሚከላከል ልብስ፣ ኮፍያ፣ የፀሐይ ቅባትና ቢረጥብ ግድ የማይሰጣችሁ ጫማ ያዙ፤ በግንቦትም ቢሆን ጠዋት ከባሕሩ የሚነሣው ነፋስ ብርድ አለው። የተፈጥሮ ማዕከሉ ዓመቱን ሙሉ በአንድ ሰዓት ስለማይሠራ ከመሄዳችሁ በፊት ክፍት መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ እሳቸው ግን ይህንንም ራሳቸው ያጣራሉ።

ለሚቀጥለው ግንቦት የምታስቡ ሰዎች፣ እሳቸው ቀኑን የሚመርጡት በጨረቃዋና በሙላቱ ሰዓት ስለሆነ፣ የሚመቹት ቀናት ጥቂት ናቸውና በሚያዝያ መጀመሪያ ደውሉላቸው። ወደ ደቡብ የሚመለሱት ወፎች በሐምሌና በነሐሴ በቦምቤይ ሁክ ኩሬዎች በብዛት ይታያሉ፤ ሆኖም በዚያ ወቅት ረግረጉ ዓይኑ አረንጓዴ በሆነ ኃይለኛ ተናካሽ ዝንብ ስለሚሞላ ሕፃናትና አረጋውያን ያሉበትን ቤተሰብ አይቀበሉም፤ ለብቻው ሄዶ መስኮት ዘግቶ ለማየት ለሚታገሥ ሰው ግን ያን ጊዜም ይወስዱታል።