ኡራል 4320 በጅሩ ጥቁር አፈር ላይ፦ ከአንድ ክረምትና አንድ በጋ በኋላ

ኡራል 4320 የሚባለውን የጭነት መኪና የገዛሁት ናፍጣ ለማመላለስ ነው። መስመሬ ከደብረ ብርሃን ወደ እነዋሪና ጅሁር ነው። የሚጠብቁኝ ወፍጮ ቤቶች፣ ትራክተሮች፣ መኸር ሲደርስ ደግሞ ኮምባይነሮች ናቸው። የሞረትና ጅሩን ወረዳ ጥቁር አፈር የሚያውቅ ችግሩ ይገባዋል። ሐምሌ ላይ ተራ ቦቴ ከጠጠሩ መንገድ ትንሽ ከወጣ አለቀለት።

ይህ መኪና ግን ለእንዲህ ያለ ቦታ የተሠራ ነው። ከ1977 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሩሲያ ውስጥ ሚያስ ከተማ የተመረተ የጦር ሠራዊት መኪና ነው። ስድስቱም ጎማ ይነዳል። በጦር አየር ማረፊያዎች ለአውሮፕላን ነዳጅ ሲያመላልስ፣ የአውሮፕላን ሞተር ማስነሻ ጀነሬተር ተሸክሞ ሲዞር የኖረ ዘር ነው።

ከሁሉ የወደድኩት የጎማውን ነፋስ አሠራር ነው። ጋቢና ውስጥ ተቀምጣችሁ፣ መኪናው እየሄደ፣ የስድስቱንም ጎማ ነፋስ ትቀንሳላችሁ፣ ትጨምራላችሁ። አስፋልት ላይ ከ3 ባር በላይ የነበረውን ጎማ ጭቃው ጋ ስደርስ ወደ 1 ባር አወርደዋለሁ። ያኔ ጎማው ይንጣለልና ክብደቱን በሰፊው ያሳርፋል፤ አይሰምጥም። ከዚያ ወዲያ ማርሽ ሳይቀይሩ ቀስ ብሎ መሄድ ነው። ሌላ መኪና ከተያዘም በገመድ ጎትቶ የሚያወጣው ዊንች አለ። የአካባቢው ገበሬዎች «ኡራሉን ጥሩት» ማለት ለምደዋል፤ በጣም ደስ ይለኛል።

ጣርማ በር ዳገት ላይ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ሞተሩ 210 የፈረስ ጉልበት ያለው የካማዝ ናፍጣ ሞተር ነው፤ ቱርቦ የለውም። ከ3,000 ሜትር በላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ጭኖ ከደብረ ሲና ሲወጣ በጣም ይደክማል። ቁልቁለቱን በዝቅተኛ ማርሽና በሞተር ፍሬን ውረዱ። ግማሽ የጫነ ቦቴ ከሙሉው ይብሳል፤ ፈሳሹ ኩርባ ላይ ወደ ጎን ይገፋል።

ናፍጣ ይጠጣል፣ ያውም ብዙ። አስፋልት ለአስፋልት ለሚሠራ ሰው አልመክረውም።

ደካማ ጎኑም ያው ነፋሱ ነው። ነፋሱ ወደ ጎማው የሚገባው በአክሱሉ ጫፍ በኩል ነው፤ እዚያ ያለው ፓራኦሊ (ነፋሱ እንዳያመልጥ የሚይዘው የጎማ ቀለበት) ሲያረጅ ያፈስሳል። ጎማውም 14.00-20 ስለሆነ በየጎሚስታው አይገኝም። ለመግዛት የምታስቡ፣ ዋጋ ከመቁረጣችሁ በፊት ሞተሩን አስነስታችሁ ነፋሱን ሙሉት። ከዚያ የጎማዎቹን መስመር ክፍት አድርጋችሁ አጥፉትና ምሳ በልታችሁ ተመለሱ። የነፋሱ መለኪያ ጌጅ ብዙ ወርዶ ካገኛችሁት የስድስቱን ጎማ ፓራኦሊና የእጅ ዋጋ ከሂሳቡ አስቀንሱ።