የቤት ብድር ከመጠየቄ በፊት የከፈልኩባቸው ሦስት ቀጠሮዎች

ዕዳ ያለበት ሰው ስለ ዕዳው ለመስማት ገንዘብ ይከፍላል እንዴ? እኔ ከፍያለሁ። የገፋፋችኝ ባለቤቴ ናት። አገልግሎቱ የቤት ብድር ሊጠይቁ ላሰቡ ሰዎች የዕዳና የቁጠባ ምክር ነው። ሦስት ቀጠሮ፣ እያንዳንዱ አንድ ሰዓት፣ ክፍያው በቅድሚያ።

ወደ መጀመሪያው የሄድኩት ደረቴን ነፍቼ ነው። አራት ዓመት ቆጥቤያለሁና! የቁጠባ ደብተሬን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ አስቀመጥኩት። አማካሪዋ ዞር ብላም አላየችው። “መጀመሪያ ዕዳዎን ይንገሩኝ” አለችኝ። የመኪናውን ብድር ነገርኳት። ዝም ብላ ጠበቀች። ክሬዲት ካርዱን ጨመርኩ። አሁንም ጠበቀች። ፍሪጅና ቴሌቪዥን በየወሩ እየከፈልኩ መውሰዴ ያኔ ትዝ አለኝ።

ሁሉንም አንድ ወረቀት ላይ አሰፈረችው። በወር ከማገኘው 100 ውስጥ 11 ለመኪናው፣ 7 ለካርዱ፣ 4 ለዕቃዎቹ ይሄዳል። ድምሩ 22። ልገባበት ያሰብኩት የቤት ክፍያ ደግሞ 30 ነው። 52 ሆነ! እሷ ለዕዳ ሁሉ እንደ ጣሪያ የያዘችው 36ን ነው። ጣሪያው ከአበዳሪ አበዳሪ ይለያያል፤ ከገቢው ከግማሽ በላይ ለዕዳ የሚሄድበት ሰው ግን የትም ቢሄድ በጥርጣሬ ነው የሚታየው።

ከዚያ ወደ ደብተሬ ተመለሰች። ቁጠባዬ በዓመት 7 በመቶ ይወልዳል። ካርዱ 24 በመቶ ይበላል። በአንድ በኩል 10 ሺህ ቆጥቤ፣ በሌላ በኩል 10 ሺህ የካርድ ዕዳ ይዤ ዓመት ብቀመጥ 700 አስገብቼ 2,400 ገደማ አወጣለሁ። ስኮራበት የኖርኩት ቁጠባ እንዲህ ያለ ነው። ለዚህች አንዲት ስሌት ብቻ የከፈልኩት ገንዘብ አይቆጨኝም።

ግን ሁሉንም አውጥተው ይክፈሉ አላለችኝም። የሦስት ወር ወጪዬ እንዳይነካ አስጠነቀቀችኝ፤ ድንገተኛ ነገር ሲመጣ ተመልሼ ወደ ካርዱ እንዳልሮጥ። በተረፈው ካርዱንና ዕቃዎቹን ዘጋሁ። ትልቅ ወለድ ያለውን ዕዳ ማስቀደም ነው ወይስ ትንሿን ዕዳ ጨርሶ መገላገል? በሒሳቡ የመጀመሪያው ያዋጣል፤ ሁለተኛው ሞራል ይሰጣል። እኔ ሁለቱንም በአንድ ወር ስለዘጋሁ ከክርክሩ ተርፌያለሁ። መዝጋቴን የሚገልጽ ደብዳቤ እንድቀበልም ነግራኛለች።

ሁለተኛው ቀጠሮ ስለ ቤቱ ብድር ራሱ ነበር። 100 ሺህ በ10 በመቶ ወለድ ለ20 ዓመት ቢወሰድ በወር 965 ይከፈላል። ለ30 ዓመት ከሆነ 878። ልዩነቱ 87 ብቻ ስለሆነ 30ውን ልመርጥ ስል ድምሩን አሳየችኝ። በ20 ዓመት 232 ሺህ ገደማ፣ በ30 ዓመት 316 ሺህ ገደማ። ደግሞ በመጀመሪያው ወር ከ965 ውስጥ 833ቱ ወለድ ነው። ከዋናው ብድር የሚቀነሰው 132 ብቻ። ያሰብኩትን የቤት ክፍያ ከገቢዬ 30 በመቶ ወደ 25 በመቶ ያወረድኩት ያን ቀን ነው።

አንድ የማፍርበት ነገር አለ። ሒሳቤ ሞላ ብሎ እንዲታይ ከጓደኛዬ ገንዘብ ተበድሬ ላስገባ አስቤ ነበር። “ድንገት የገባ ትልቅ ገንዘብ ከየት መጣ ተብሎ ይጠየቃል” አለችኝ። የተበደርኩት ነው ብል ያው ዕዳ ነው። ደግሞ ቅድመ ክፍያው ብቻ አይበቃም፤ የቤት ግምት፣ የውል፣ የኢንሹራንስ ወጪ ከጎን መቀመጥ አለበት።

ሦስተኛው ቀጠሮ ግን አናደደኝ። ያው ወረቀት፣ ያው ቁጥር፣ ከሥሩ ግን የአንድ አበዳሪ ብሮሹር። “ኮሚሽን ታገኛላችሁ?” ብዬ ጠየቅኩ። ትንሽ ቆይታ “አዎ” አለች። ይህ የመጀመሪያው ቀን መነገር ነበረበት። የባሰው ደግሞ ቤት ገብቼ የማመልከቻ ቅጹን ሳነብ መጣ። “ለሌላ ሰው ብድር ዋስ ነዎት?” ይላል። ነኝ እንጂ! የወንድሜን ብድር የፈረምኩት እኔ ነኝ። እሱ ባይከፍል የምጠየቀው እኔ ነኝ። በሦስት ሰዓት ምክር ውስጥ ይህን ማንም አልጠየቀኝም።

ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀጠሮዎች ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቻለሁ። ለሦስተኛው 1፣ እሱም ለይሉኝታ። ማመልከቻዬን ገና አላስገባሁም። የመኪናው ብድር ስምንት ወር ይቀረዋል። ወንድሜም እስከዚያ የራሱን እንደሚጨርስ ነግሮኛል። እኔም በየሳምንቱ እየደወልኩ ጤንነቱን እጠይቃለሁ።